መርዶውን ያመጣ ምሥራቹን ያምጣ

ወንድሜ መኳንንት፣

በቁሜ ቀብረኸኛል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ናይሮቢ ላይ ሞተ ብለህ ለእናታችን መርዶ አረዳህ፣ ፎቶግራፌን አስቀምጠህ አስለቀስክ፣ ፍትሐት አደረስክ፣ ተዝካር አወጣህ። አለመሞቴን እያወቅህ። በደሉ ይህ ነው፤ የሚያለዝበው ስም አልፈልግለትም።

ይህን ካስቀደምኩ ሰላምታው ይከተላል። ለመሆኑ ጤናህን እንዴት ነህ? ያ በቅዳሴ ቆመህ ስትውል የሚብስብህ የጉልበት ሕመም ተሻለህ ወይስ ከነጭራሹ መቋሚያ ላይ አስደገፈህ? ሚስትህ ምርቃትስ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? ክረምቱ እንዴት ወጣላችሁ? በርበሬው ዘንድሮ በሽታ አልነካውም? እማዬስ? ዓይኗ፣ ወገቧ፣ እንቅልፏ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚጽፋትን ቃል አልጻፍኩም፤ ፈልገህ አትድከም። በእኛ ቋንቋ ያለዚያች ቃል ደህና ነኝ ማለት እንኳ ጎደሎ ይመስላል፤ ጠያቂው ቀሪውን እየጠበቀ ዓይን ዓይንህን ያይሃል። ቀድሞ ይከብደኝ ነበር። አሁን ደህና ነኝ፣ አንተስ? እላለሁ። ሰው ስለ ራሱ መናገር ሲጀምር የእኔን ጉድለት ይረሳዋል።

ደብሩ ሁሉ አንቱ እንደሚልህ፣ መስቀልህን እንደሚሳለም አውቃለሁ። እኔ አንተ እልሃለሁ። ወንዙ ሲሞላ አዝዬ ያሻገርኩህ ነህና አንቱ ብልህ አፌ አይታዘዘኝም። አንተ የቄስ ትምህርት ቤት ስትገባ እኔ ከአባታችን ጋር ለሥራ ቀረሁ። ፊደል የቆጠርኩት ስንቅህን ይዤ ስመጣ ከደጅ ቆሜ የእናንተን ጩኸት እየሰማሁ ነው። ከዚያ ወዲያ ያነበብኩትን ሁሉ ማንም ሳያዘኝ አነበብኩ። ስለዚህ የተማርኩት ጥቂት ቢሆንም ማንም ና መልስ ሊለኝ አይችልም።

የሞቴን ወሬ የሰማሁት ከአድነው ነው፤ በርበሬ ጭኖ በሞያሌ በኩል ከሚመላለሰው ከጎረቤታችን ልጅ። ባለፈው ሰኔ ናይሮቢ መጥቶ እህተማርያም የምትባል ሴት ምግብ ቤት ምሳ ሲበላ እኔ ገባሁ። የጠቀለለው ጉርሻ ከእጁ ወደቀ። ብድግ ብሎ አማተበ፣ ከዚያ ወደ እግሬ አየ፤ ጥላ እንዳለኝ የሚያጣራ መሰለኝ። ምን ሆነሃል ልጄ ስለው፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ተዝካርዎን በልቻለሁ» አለኝ። ጣፈጠህ ወይ አልኩት። ደንግጦ ስለነበር እውነቱን መለሰልኝ፤ በጉ ትንሽ ጨው በዝቶበት ነበር አለ። እህተማርያም ባንኮኒውን ይዛ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሒሳብ ልከፍል ስነሳ፣ ተወው፣ ሙት አይከፍልም እያለች ታላግጥብኛለች።

እኔም ከሰዎቹ ጋር ሳቅሁ። በእንቅልፉ ነው ያረፈው፣ አልተጨነቀም ብለህ እንደነበር አድነው ሲነግረኝም ሳቅሁ፤ ቢያንስ አሟሟቴን አሳምረህልኛል። ሳቄ የቆመው እማዬ እስከ ዛሬ ጥቁሯን አላወለቀችም ሲለኝ ነው። ሰው ሁሉ ለምኗት፣ የንስሐ አባቷ ለምነዋት፣ እምቢ ብላለች አለኝ። የእኔ እልኸኝነት ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለምን እንዳደረግኸው አላጣሁትም። ለደብሩ ጣሪያ እንዳዋጣ ስትጠይቀኝ፣ እኔ በእግዚአብሔር መኖር አላምንም፣ በማላምንበት ነገር ላይ ስሜ እንዲጻፍ አልፈልግም፣ ለእማዬ ቤት ጣሪያ ከሆነ ግን ነገ እልካለሁ አልኩህ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ማንሳት ተውክ። ወደ እማዬ የሚወስደው መንገድ አንተ ብቻ ነበርክ፤ ቁጣው ይብረድለት ብዬ ዝም አልኩ። አንተ ግን ወንድምህ ካደ ከሚሉህ ወንድምህ ሞተ ቢሉህ መረጥክ። ውሸት ብነግርህ ኖሮ ሰው ሁሉ ዘንድ በሕይወት እኖር ነበር።

አድነው ከአንተ በቀር ለማንም እንዳይናገር ለምኜ ልኬው ነበር፤ በዚህ ወር ሲመለስ ደብዳቤህን አመጣልኝ። ተመልሻለሁ፣ ንስሐ ገብቻለሁ ብለህ በእጅህ ጻፍልኝ፣ ያኔ ወሬው ሐሰት ነበር ብዬ ለእናታችን እነግራታለሁ ትላለህ። ካልሆነ እንደሞትክ ይቅር፣ ለእሷም ከካደ ልጅ የሞተ ልጅ ይሻላታል ትላለህ። ጠይቀሃታል ወይ? እኔ እማዬን የማውቃት ከአንተ ብዙ ዓመት ቀድሜ ነው። ብትሰማ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ሁለት ቀን ታኮርፋለች። በሦስተኛው ቀን በልተሃል ወይ ትለኛለች። ያልከኝን ወረቀት አልጽፍም። ዋሽቼ ብመጣ የምታቅፈው ሌላ ሰው ነው፤ ያኔ በእርግጥም ሞቻለሁ።

መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጽፈሃል። ፈጣሪ ከሌለህ ጠዋት ምን ያስነሳሃል? ውሻም እኮ ይነሳል ብለሃል። ልትሰድበኝ እንደሆነ ይገባኛል፤ ጥያቄው ግን ደህና ጥያቄ ስለሆነ እመልስልሃለሁ።

ጠዋት የሚያስነሳኝ ግድግዳ ነው። በምኖርበት ግቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚሉት የናይሮቢ ሰፈር ነው፣ ከክፍሌ ቀጥሎ አለኸኝ የሚባል ሽማግሌ ይኖራል። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ስኳር ዓይኑን ወሰደበት። ዕድሜ ልኩን ዳዊት ሳይሰማ እህል ቀምሶ አያውቅም። ሚስቱ ታነብለት ነበር፣ ሞተች። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ብዙዎች እናነብልሃለን አሉት። አንዱ ሱቅ አለበት፣ አንዱ ልጅ ያደርሳል፣ አንዱ ኢምባካሲ ወደሚሉት ሩቅ ሰፈር ቤት ቀየረ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሥራ የያዛቸው ናቸው። አንድ ጠዋት ሳይበላ እስከ ቀትር መቀመጡን ባየሁ ጊዜ መጽሐፉን ወዲህ በል አልኩት። አንተ? አለ። ዓይን ነው ያጣኸው ወይስ ጆሮ? አልኩት። ይኸው አራት ዓመት ሊሞላን ነው። ጎህ ሲቀድ በከዘራው ግድግዳውን ይመታል፣ እኔም ተነስቼ የዕለቱን አነባለሁ። አንዲት መስመር አልዘልም። አልቃወምም፣ አላላግጥም። ከጨረስኩ በኋላ ግን እንከራከራለን።

እሱም አይምረኝም። እሑድ እሑድ ክንዱን ይዤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አደርሰዋለሁ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ውጭ ከሾፌሮቹ ጋር እቀመጣለሁ። በቀደም ለት መንገድ ላይ፣ «ይድነቃቸው፣ አንተ እያየህ አታምንም፣ እኔ ሳላይ አምናለሁ፤ ከሁለታችን ዕውሩ ማን ነው?» አለኝ። «እሱን በኋላ እንጨርሰዋለን፣ አሁን ደረጃ አለ፣ እጄን አጥብቀህ ያዝ» አልኩት። ያዘ።

ከእሱ ስለይ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ማታቱ የሚሏቸው ሚኒባሶች አሉ፤ የእነሱን ወንበር እሰፋለሁ። ስፖንጁ ያለቀ፣ ሞላው ወጥቶ ሰው የሚወጋ ወንበር ያመጡልኛል። ፈትቼ፣ ሞላውን አስተኝቼ፣ ቆዳውን ወጥሬ እሰፋዋለሁ። ማታ አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ ትቀመጥበታለች። ወንበሩ አይወጋትም። ስላልወጋት ስለ ወንበሩ አታስብም፣ ስለ እኔም አታስብም። ይህ ይበቃኛል። አንተ ለዚህ ሥራ ከላይ ሆኖ የሚያይ አለ ትላለህ። እኔ የሚያይ የለም እላለሁ፤ ሞላው ግን ከሴትዮዋ ጀርባ ርቋል።

ሁልጊዜ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽህም። አንዳንድ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ምንም የለም። አንተ በእንዲህ ያለው ቀን የምትይዘው ገመድ አለህ፣ እኔ የለኝም። ተኝቼ ጣሪያውን አያለሁ። ከዚያ ግድግዳው ይመታል። እነሳለሁ። ከተነሳሁ በኋላ ምክንያቱ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ምክንያቱን ተኝቼ ብጠብቀው ኖሮ ግን አይመጣም ነበር። ከዚህ የተሻለ ጥበብ የለኝም።

መከራ አግኝቶት ፈጣሪውን ተቀየመ ብለህም ለምርቃት ነግረሃታል አሉ። ስህተት ነው። እምነቴ የወጣው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ነው፤ ቀስ እያለ ተነቃነቀ፣ አንድ ቀን ምግብ ስበላ በእጄ ላይ አገኘሁት። ለጥቂት ዓመታት ክፍት ቦታውን ምላሴ ይፈልገው ነበር። ቅያሜ የለብኝም። የለም የምለውን አልቀየምም። የምቀየመው አንተን ነው፤ አንተ አለህና።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ልንገርህ። አንተ ከእናታችን ጋር ሌላ ቀጠሮ አለህ። ዛሬ ብታስቀይማት፣ ነገ ብትለያት፣ በወዲያኛው ዓለም እንገናኛለን ትላለህ። እኔ ቀጠሮ የለኝም። ለእኔ እማዬ ያለችው እዚያ አጥር ሥር፣ ከፀሐዩ ጋር ወንበሯን እያዞረች የምትቀመጥበት ቦታ ብቻ ነው። ያንን ካጣሁ ሌላ ቦታ አላገኛትም። ከዚያች ከጥቂቷ ጊዜ ላይ ሦስት ዓመት ወሰድክብኝ። እምነት የሌለው ሰው ምንም ነገር አይከብደውም ትሉ የለ? ተሳስታችኋል። ካሣ የሚቀበልበት ሌላ አገር ስለሌለው ሁሉም ነገር ይከብደዋል።

ስለዚህ የወሰንኩትን ስማ። ባለፈው ቅዳሜ በአድነው ስልክ ላይ ድምፄን ለእማዬ ቀርጫለሁ። አለኸኝ አጠገቤ ነበር። ዳዊት አንብብላት፣ ደስ ይላታል፣ ለእኔስ ታነብልኝ የለም ወይ አለኝ። አንተ የማን ድምፅ እንደምትሰማ ታውቃለህ፣ እሷ ግን ልጄ ተመለሰ ብላ ትታለላለች፣ አላደርገውም አልኩት። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው፤ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ይድነቃቸው። አልሞትኩም። ጥቁሩን አውልቂ።» ከዚያ ስልኩን ለአድነው መለስኩለት።

አድነው ይህን ደብዳቤ በእጅህ ይሰጥሃል። ከዚያ የመጀመሪያው የገበያ ቀን እስኪውል ይጠብቃል፤ በማግሥቱ ስልኩን ይዞ ወደ እማዬ ይሄዳል። ማስፈራሪያ ነው ብለህ ልትይዘው ትችላለህ፣ ያዘው። ግን የሰጠሁህን ጊዜ አስተውል። ከሞተ ሰው ድምፅ በድንገት ከምትሰማ ከአንተ አፍ ብትሰማ ይሻላል። መርዶውን ያመጣኸው አንተ ነህ፤ ምሥራቹንም አንተ አምጣ። መርዶ በጎህ አይደል የሚነገር? አንተም በጎህ ሂድ። ያን ቀን ያስከተልካቸውን ሽማግሌዎች አስከትል፣ በዚያው በር ቁም፣ ምሥራች በላት። ምስር ብላ ትልሃለች። ያንን ምርቃት ከአፏ ተቀበል፤ እኔ አልቀማህም። ከዚያ ጥቁሩን በገዛ እጅህ አውልቅላት። ለአገሩ የምትለውን አንተ ታውቃለህ። እኔ ያልተጠየቅኩትን አልናገርም፤ ከተጠየቅኩ ግን አልዋሽም።

ለምርቃት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በለቅሶዬ ላይ ከልቧ እንዳለቀሰች ሰምቻለሁ፣ ደግ ሴት ናት። ልጆችህን በየስማቸው ሳምልኝ፤ አጎታቸው ወንበር ሰፊ እንደሆነ ንገራቸው፣ ሌላውን ሲያድጉ እኔው እነግራቸዋለሁ። አለኸኝ ሰላም ብሎሃል፤ ቡራኬህን ይፈልጋልና ላክለት፣ ለእሱ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። እህተማርያም ሰላም ብላሃለች። እዚህ ግቢያችን ያለችው ጌጤም ሰላም ብላሃለች፤ ጴንጤ ናት፣ ለእኔ እንደምትጸልየው ሁሉ ለአንተም እየጸለየች ነው፣ አትቆጣ። ለእማዬ በዚህ ወረቀት ሰላምታ አልልክም። በድምፄ ልኬያለሁ።

ጥር ላይ በሞያሌ በኩል እመጣለሁ። የአለኸኝን ዳዊት እስክመለስ ድረስ እህተማርያም ልታነብለት ቃል ገብታለች። በር ላይ ስትቀበለኝ ይቅርታ አትጠይቀኝ፣ ምክንያትህንም አትዘርዝርልኝ። እንደ ወንድም ጉንጬን ሳመኝና ወደ እማዬ አስገባኝ። በዚህ ደብዳቤ መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን ነገር ከዛሬ ወዲያ በአፌም በብዕሬም አላነሳውም፤ አንተ ብታነሳው ተነስቼ እወጣለሁ። እኔ ሞቼ አላውቅም።

ወንድምህ ይድነቃቸው

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.