በቅጠልህ ቦታ ያስቀመጥኩት

ተፈራ ሆዴ፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ላንተ ልጽፍልህ ነው። ከጣናው ደሴት ካመጣሃቸው የመድኃኒት ቅጠሎች አንዱ ያንተ አይደለም። እዚሁ ቀራንዮ፣ ከወንዙ ዳር የቀጠፍኩት ነው።

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ከጎናችን ፎቅ ተሠርቶ የጠዋቷን ፀሐይ ወስዶብኛል፤ የቅጠል ማድረቂያ ወረቀት የምናሰጣበት በረንዳ እስከ ቀትር ጨለማ ነው። ጫማህን ለወንድምህ ሰጠሁት። ኮትህን ግን አልቻልኩም።

ደሴቱ ሴት የማትረግጠው ገዳም ስለነበር እኔ ጀልባው ላይ እቀር ነበር። ያገኘኸውን ይዘህ ስትወርድ እቀበልህና ቅጠሉን በአሮጌ ጋዜጣ መሃል እዘረጋዋለሁ። ማንበብ የለመድኩትም በእነዚያ ጋዜጦች ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ ቅጠሉ ይድረቅ እንጂ ዜናውማ ከደረቀ ቆየ!» እያልክ ታሾፍብኝ ነበር።

አንድ ክረምት ከደሴቱ እንደተመለስን አንተ እንደገና ለሥራ ስትሄድ፣ የረጠበውን ጋዜጣ በየቀኑ በደረቅ እንድቀይር አደራ አልከኝ። ቤት የቀሩት ደረቅ ጋዜጦች ግን በተከታታይ የሚወጣ ልብ ወለድ ነበረባቸው፤ ሳልጨርሰው ማርጠብ አሳሳኝ። ነገ፣ ነገ ስል ሰነበትኩ። ስገልጠው፣ ለወፍ በሽታ ተቀቅሎ የሚጠጣው ቅጠል ሻግቶ ጠቁሯል። ለምነህ ለምነህ በመጨረሻ ቅጠሉን ያሳዩህ ሽማግሌ መነኩሴ ደግሞ በዚያው ሰሞን ዐርፈዋል።

ደነገጥኩ። የሚመስለውን ፈልጌ ተካሁበት። ስትመለስ አገላብጠህ አየኸው፤ መንገዱ አድክሞህ ይሁን አምነኸኝ፣ «እጅሽ ይባረክ» ብለህ ወረቀት ላይ ለጠፍከውና ስሙንና የተገኘበትን ቦታ ጻፍክበት። ያቺን ምርቃት «አሜን» ብዬ ተቀበልኳት።

አሁን ተማሪህ የነበረችው መሠረት ሥራህን መጽሐፍ ልታደርገው ነው። ሰኞ መጥታ ቅጠሎቹን ትወስዳለች። አንድ ሰው አንብቦ፣ ከወንዝ ዳር ቀጥፎ ቢጠጣው ምን እንደሚያደርገው አላውቅም። ዝም ብል ስምህ እንደተከበረ ይቀራል፤ ብናገር የቀሩትንም የሚጠራጠር ይመጣል። አንተ ብትኖር የቱን እንደምትመርጥ ስለማውቅ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዛሬ ቅጠሉን ከወረቀቱ ላይ አነሳሁት። የእጅ ጽሑፍህን አልነካሁም። ቅጠል በጣትህ አሽተህ ስታሸት ዓይንህን የምትጨፍነውን ነገር፣ እስክሞት አልረሳውም።

ይህን ደብዳቤ ባዶው ወረቀት ላይ አድርጌ፣ በእጄ የምሰጠው ለመሠረት ነው።