ስለ እግርዎና ኑሰይባ ስለላከችው ኪኒን

እሑድ፣ የካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.። ጠዋት ሱቅ ስከፍት፦ ቴምር ዘጠኝ ካርቶን፣ የሾርባ አጃ አራት ከረጢት፣ የሳምቡሳ ቂጣ ግማሽ ፍሪዘር። ሌሊቱን በረዶ ስለጣለ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ሰው የለም። እንደ ልማዴ ደብዳቤውንም በቆጠራ ጀመርኩት፤ ይቅር ይበሉኝ።

ውድ እናቴ፣ እማ፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረሙ? ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? እንቅልፍዎስ? ጉልበትዎስ? ከሁሉም በላይ ያ እግርዎ እንዴት ነው? የመጨረሻውን የምጠይቀው ለሰላምታ ወግ ብዬ አይደለም፤ ደብዳቤው በሙሉ ስለ እሱ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ወንድሜ መንሱርና ሚስቱ ኑሰይባም እዚያው ቶርንተን ከተማ ደህና ናቸው። የነሱን ወሬ ከኔ ቀድመው እንደሚሰሙ አውቃለሁ፤ እሷ በየቀኑ ትደውል የለ።

ዓርብ ዕለት ደውዬ ኑሰይባ ለእግርዎ የላከችውን ያንን ኪኒን ይተዉ ስልዎ ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር፤ ጎረቤትዎ ወይዘሮ ሰርካለምም ከጎንዎ ተቀምጠው ነበር። «ሰማሽ ሰርካለም፣ ራሕማ ቀናች» አሉና ሁለታችሁም ሳቃችሁ። እኔም ዘጋሁ። ስለዚህ አሁን በጽሑፍ አደረግሁት። ዛሬውኑ ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ለራኒያ በቴሌግራም እልክላታለሁ፤ በር ዘግታ ለብቻዎ ታንብብልዎ። ዋናውን ደንበኛዬ ሙኒብ ረቡዕ ወደ አገር ቤት ሲመጣ ይዞት ይመጣል።

ቀንቻለሁ፣ እውነት ነው። ነጋዴ ነኝና የዕቃውን ጉድለት አስቀድሜ ላሳይ። የደም ግፊት መለኪያውን የላክሁት እኔ ነኝ። ያንን ተረከዙ ለስላሳ ጫማ፣ ብርድ ልብሱን፣ የክረምቱን ካፖርት የላክሁት እኔ ነኝ። ለማን አወሩት? ኑሰይባ አንድ ፌስታል ኪኒን ላከችና ሰፈሩ በሙሉ ስሟን ያዘ። ያንን ሰማያዊ የሐር ሻሽዎን፣ እኔ ስጠይቅዎ «ይቆይ፣ ገና ነው» ያሉኝን፣ ለሷ ላኩላት። ሐሙስ ማታ እሱን ጠምጥማ ሱቄ ገባች። የመጣችው በርበሬ ልትገዛ ነው፤ ደንበኞቼ ግን ከበቧት። «ማሻአላህ፣ ምን ያምርብሻል» ሲሏት «አማቴ ናቸው የላኩልኝ፣ እግራቸውን ስላዳንኩላቸው» ትላለች። እንዳልዋሽ ያምርባታል። በርበሬው ላይ ቅናሽ ጠየቀችኝ፤ አላደረግሁላትም።

በማግስቱ ሱቅ ሳልከፍት ፋርማሲ ሄድኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ከሷ የበለጠ፣ ጠንከር ያለ፣ ትልቁን ብልቃጥ ገዝቼ በሙኒብ ሻንጣ ልልክልዎ፣ ልበልጣት። ያለ ሐኪም ወረቀት የሚሸጠው እንደሷ ያለው፣ ከሰውነት ውኃ የሚያስወጣ ኪኒን የተደረደረው ከወር አበባ ሕመም ማስታገሻዎች ጎን ነው። ይኼ አንድ ነገር ሊነግረኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት ዋጋውን ነው።

ፋርማሲስቱ ፍቅረሥላሴ ይባላል፣ የአገራችን ልጅ ነው፣ ሱቄም ይመጣል። የቱ ይበረታል ብዬ ጠየቅሁት፤ እሱ መልሶ እኔን ይጠይቀኝ ጀመር። ለማን ነው? ዕድሜያቸው ስንት ነው? ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? የሚያብጠው አንዱ እግር ነው ሁለቱም? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል? እማ፣ መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ቅመም ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ፤ እናቴ በቀን የሚውጡትን ግን አላውቅም ነበር። እዚያው ቆሜ ለራኒያ ደወልኩ። የግፊት ኪኒን እንደሚወስዱ ነገረችኝ። ያልጠየቅኋትንም ጨመረችልኝ፤ ለሱብሒ ሶላት ሲነሱ ዞሮብዎት ግድግዳ ይዘው እንደቆሙ፣ ለማንም እንዳትናገር እንዳሏት፣ ከኪኒኑም ለወይዘሮ ሰርካለም እንዳካፈሏቸው። አይቆጧት፣ ያስጨነቅኋት እኔ ነኝ።

ፍቅረሥላሴ ያለኝን ሳልጨምር ልጻፍልዎ። ይህ ኪኒን የተሠራው ወር አበባዋ ሲቃረብ ሆዷ ለሚነፋ ወጣት ሴት ነው። ኑሰይባም ራሷ የምትወስደው ለዚያ ነው፤ ለሷ ስለሠራ ለእርስዎም የሚሠራ መሰላት። በእርስዎ ዕድሜ ግን የእግር እብጠት የሌላ ነገር ምልክት ነው። ልብ ሊሆን ይችላል፣ ኩላሊት ወይም ጉበት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ራሱ የግፊቱ መድኃኒት እግር ያሳብጣል፤ እንደዚያ ከሆነ ሐኪሙ ይለውጠዋል። ውኃውን ብቻ ሲያስወጡት እብጠቱ ይጎድላል፣ ምክንያቱ ግን ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ከግፊት መድኃኒቶችም ውኃ የሚያስወጡ አሉ፤ በዚያ ላይ ሌላ ሲደረብ ሰውነት ውኃውንም፣ ልብ በሥርዓት እንዲመታ የሚያስፈልጉትን ማዕድናትም ያጣል። ያዞራል፣ ይጥላል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ከቅጠል የተሠራ ነው መባሉም ዋስትና እንዳልሆነ ነገረኝ።

ጥፋቱ የኑሰይባ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። ግን የሁላችንም ልማድ ነው። ሻንጣው ኪሎ እንዳያልፍ ኪኒኑን ከብልቃጡ አውጥተን በፌስታል እንቋጥራለን፤ ማን መውሰድ እንደሌለበት የሚናገረው ብልቃጥ ቶርንተን ቆሻሻ ውስጥ ይቀራል። እናንተ ዘንድ የደረሰው ፌስታል ላይ ያለው ጽሑፍ «ለእግር» የሚል ብቻ ነው አለች ራኒያ። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ሳቃችሁን ችዬው ነበር። ከሳቁ በኋላ «ለረመዳን በሱሑር አንድ አንድ እላለሁ» ሲሉ ግን አልቻልኩም፤ ስልኩን የዘጋሁት ያኔ ነው። ረመዳን እየገባ ነው። ውኃውን በጠዋት አስወጥተው እስከ መግሪብ ጠብታ ሳይቀምሱ፣ ለውዱእ ሲያጎነብሱ ቢወድቁ ማን ያነሳዎታል?

እባክዎን ኪኒኑን ዛሬውኑ ይተዉት። የሐኪሙን የግፊት መድኃኒት ግን እንዳያቆሙ፣ እሱ ሌላ ነው። ነገ ራኒያ ሐኪም ዘንድ ትውሰድዎ፤ ፌስታሉን ከነኪኒኑ ይዛችሁ ሂዱ፣ መዞሩንም አይደብቁ። ስለ ጾሙም እሱን ይጠይቁ። እስከዚያ ጨው ይቀንሱ፤ ሲቀመጡ እግርዎን በርጩማ ላይ ከፍ ያድርጉት። ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደረትዎን ካመመዎት፣ ወይም አንዱ እግር ብቻ አብጦ ካመመዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። ለወይዘሮ ሰርካለም የሰጧቸውንም ያስመልሱ።

ሰው ሲጠይቅዎ አሁንም ኑሰይባ አዳነችኝ ይበሉ። ስሙ ለሷ ይሁን፣ እርስዎ ብቻ ይቆዩልኝ። ሻሹም ይሁንላት። ዋሸሁ፣ ሻሹን እፈልገዋለሁ፤ ግን እሱን እግርዎ ከታየ በኋላ እንነጋገርበታለን።

አንድ ነገር ቀረኝ። ኑሰይባ እስካሁን ይህን አታውቅም። ከሰፈራችሁ ከኮልፌ በወሬ ከምትሰማው እኔው ቤቷ ሄጄ እነግራታለሁ፤ ከዚያ ስትደውልልዎ እሷው «ይተዉት» ትበልዎ። እኔን ባይሰሙኝ እሷን እንደሚሰሙ አውቃለሁ። ይህን መጻፍ ከሁሉም ከበደኝ፤ ግን ለእርስዎ የሚሠራው እሱ ከሆነ ይሁን።

ራኒያን ይሳሙልኝ። ልጇን ጠልሀን ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ የጠየቀውን የኳስ ጫማ ሙኒብ ይዞለታል። ወይዘሮ ሰርካለምን ከነሳቃቸው ሰላም ይበሉልኝ። ግቢውን በሙሉ ሰላም ይበሉልኝ። ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ራሕማ
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ነገ፦ ቶርንተን፣ ኑሰይባ ለሥራ ሳትወጣ። በርበሬ መያዝ፣ ሐሙስ በጠየቀችው ዋጋ።