ስምሽ ሲዘጋ የጠፉት ሰዎች

ውድ እህት ዓለም፣

እዚያ ሆነሽ «ይቺ ለፍላፊ ሞቼም አትተወኝ!» እያልሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ምን ላድርግ? ጠረጴዛሽ ከእኔ ጠረጴዛ ጋር እንደተገጠመ ነው። ለታካሚዎቻችን ቤት ለቤት ኦክስጅን የሚያደርሱት ሾፌሮች ሲመጡ እነሱን አዋራለሁ፣ እነሱ ሲወጡ በስልኩ አወራለሁ። ስልኩ ሲያርፍ ግን ሳላስበው ወደ አንቺ ዞሬ «ሰማሽ ወይ?» እላለሁ።

እና ሰማሽ ወይ፣ ማክሰኞ ምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ጠዋት ስልክ ተደወለ። የጡረተኛው ልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ሳንባቸውን የሚያማቸው፣ አንቺ «የኔ አባባ» የምትያቸው። «የአባዬ ኦክስጅን ትናንት መምጣት ነበረበት፤ እስካሁን የለም። የሲሊንደሩ መለኪያ መርፌ ቀዩ ላይ ደርሷል» አለችኝ። ስክሪኑን ከፈትኩ። የሳምንቱ ተረኞች ውስጥ እሳቸው የሉም። ወደ ላይ አልኩ፣ ወደ ታች አልኩ፣ የሉም። እነዚያ ዓይነ ስውር ባልና ሚስትም የሉም። አንቺ በስልክ እያሳቅሽ የመዘገብሻቸው በሙሉ ጉም ሆነዋል።

እንደ እብድ ስጮህ ፂማሙ ሾፌራችን ሻዩን ጥሎ መጣ።

«ምነው? ቤት ተቃጠለ?»

«አባባ ዘንድ ሲሊንደር ይዘህ ብረር! ወሬውን ስትመለስ ታወራለህ!»

«ወሬውንስ ላንቺ ትቼዋለሁ» ብሎኝ ሮጠ። ደግነቱ ደረሰላቸው።

እኔ ደግሞ ፕሮግራመራችን ዘንድ ሄድኩ፤ ቃል በሚዛን እየለካ የሚያወጣው፣ «ቁጥቡ» የምንለው።

«ሲስተምህ ሰው በላ!» አልኩት።

«ሲስተሙ አይደለም እትዬ፤ ኩዌሪው ነው።»

«በሰው ቋንቋ ንገረኝ።»

ነገረኝ። ሲስተሙ ቀላል ቀላሉን ጥያቄ በራሱ ይመልሳል፤ የእገሌ አድራሻ የት ነው ብትይው አይቸገርም። በዚህ ሳምንት ኦክስጅን የሚያልቅበት ማን ነው ለማለት ግን ታካሚውን ከሐኪሙ ትእዛዝ፣ ትእዛዙን ከመጨረሻው ሲሊንደር፣ ሲሊንደሩን ከሾፌሩ መስመር ማያያዝ ያስፈልጋል። ለዚህ ቁጥቡ ራሱ ረጅም ጥያቄ ጽፎ ለዳታቤዙ አዘጋጅቶለታል። ኩዌሪ የሚባለው እሱ ነው።

«መዝጋቢውንም ጨምርበት ያሉኝ እሳቸው ናቸው» አለኝ፤ አንቺን ማለቱ ነው። ትዝ አለኝ። ሾፌር በር አንኳኩቶ መልስ ሲያጣ ለማን እንደሚደውል ይወቅ፣ ሰው እንዳይጠፋብን ብለሽ ነበር።

«ታዲያ?»

«ከሥራ የተለየ ሰው ስሙ ሲስተሙ ላይ ይዘጋል፤ ደንብ ነው። የእሳቸው ባለፈው ሳምንት ተዘጋ። እኔ ደግሞ ታካሚው ከነመዝጋቢው ካልተገኘ አታምጣው ብዬ ነው ያያያዝኩት።» ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። «መዝጋቢ ትሞታለች ብዬ አላሰብኩም፣ እትዬ።»

እኔስ መቼ አሰብኩ።

ሁለት መንገድ አለ አለኝ። አንደኛው ስምሽን መልሶ መክፈት ነው፤ ወዲያው ያልቃል፣ ሰዎችሽም ከነስምሽ ይመለሳሉ። ሁለተኛው ኩዌሪውን ፈትቶ፣ መዝጋቢው ባይገኝም ታካሚው እንዲመጣ አድርጎ እንደገና ማያያዝ። «እሱ ጊዜ ይፈልጋል። የእሳቸው ስም የነበረበትም ባዶ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ የሚውሉት እርስዎ ነዎት፤ የቱ ይሻላል?»

እውነቱን ልንገርሽ፣ አፌ ላይ የመጣው «ክፈተው!» ነው። ጠዋት ጠዋት ስምሽን ማየት እንዴት እንደናፈቀኝ! ግን ደግሞ በቦታሽ የምትተካው መዝጋቢ ነገ ሌላ ሥራ ብታገኝስ? እኔስ ጡረታ ብወጣ? ከዚህ ቢሮ ሰው በወጣ ቁጥር እዚያ ማዶ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሊኖር ነው? አንቺ ብትሆኚ ምን እንደምትይኝ አላጣሁትም። «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ለስሜ ነው እንዴ የለፋሁት?»

«ፍታውና እንደገና እሰረው» አልኩት።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እሱ ሲጽፍ እኔ የሰዎችሽን ማኅደር አንድ በአንድ እየከፈትኩ ለሾፌሮቹ ስደውል ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተመለሱ። ከስማቸው ጎን ያንቺ ቦታ ነጭ ነው።

ማምሻውን አባባ ዘንድ ደወልኩ።

«ደረሰልዎት?»

«ደረሰልኝ፣ ልጄ። ያቺ ሳቂታዋስ ምነው ጠፋችብኝ?»

እስከዛሬ ለጠየቀኝ ሁሉ «የለችም» ነበር የምለው፤ ለሻይ የወጣሽ ይመስል።

«ሞተች፣ አባባ» አልኳቸው። ቃሏን ከአፌ ሳወጣት የመጀመሪያዬ ነው።

በስልኩ የሚሰማው የኦክስጅናቸው ድምፅ ብቻ ነበር፤ እፍፍ... እፍፍ...። እኔም ትንፋሼን ይዤ አብሬያቸው ሰማሁት።

ደህና ሁኚ፣ እህቴ። ሌሎቹም ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።

የጠረጴዛ ጎረቤትሽ