አውድማ የሆነው ማኮብኮቢያ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለእታገኘሁ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ወሬ ላርም። ጎረቤቴ ኪዱ ክረምቱን እናንተ ዘንድ ሲከርም «ጤናዬ ሲከየም ገብታለች» ብሎ እንዳወራ ሰማሁ። እዚህ ኦስሎ ሲከየም የሚሉት የአቅመ ደካሞች መጦሪያውን ነው። አልገባሁም። ማክሰኞ ማክሰኞ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችንን እናት ልጠይቅ እሄዳለሁ፤ ኪዱ ስገባ አየኝ፣ ስወጣ ግን አላየኝም። የምኖረው እዚያው አመሩድ ሰፈር፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ በራሴ ቤት ነው።

እንግዲህ እንደምን ከረምሽ? ያ የክረምት ሳልሽ ለቀቀሽ? የባልሽ የሐብታሙ ወገብስ እንዴት ሆነ? ጤፉ እንዴት ይዟል? እኔ ከጉልበቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ባለፈው ጥር የተነሳሽው ፎቶግራፍ ደርሶኛል። አይቼ በግንባሩ ደፋሁት። በሬዎቹ የድሮው የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ላይ ጤፍ ያበራያሉ፤ አንቺ ጫማሽን አውልቀሽ መሃሉ ላይ ቆመሽ ትስቂያለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁ።

እዚያ የጦር ካምፕ ውስጥ ከበየነ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ባሌ የሶቪየቶቹን የጦር አውሮፕላኖች፣ ሚጎቹን፣ ይጠግን ነበር፤ እኔ የካምፑን ልጆች አስተምር ነበር። ማኮብኮቢያው ከክፍሌ መስኮት ፊት ለፊት ነበር። አንድ ቀን የልጆቹ ኳስ ተንከባሎ ገባና ላመጣ ስል ዘበኛው ይመር ፊሽካውን ነፋብኝ። «እትዬ መምህርት፣ ኳሱ ይቅር! ይህን ከሚግ ጎማ በቀር የሚረግጠው የለም» አለኝ። ተማሪዎቼ ሳቁብኝ። ካምፑ ፈርሶ አገር ጥዬ እስክወጣ ድረስ አልረገጥኩትም።

አሁን ያው ይመር ጫማውን አውልቆ በሬ ይነዳልሻል። «አውድማ ነውና ማንም በጫማ አይገባም፤ የወረዳው ሹም እንኳ ካልሲውን ኪሱ ከቶ ነው የገባ» ብለሽ ጽፈሻል። የአባታችን ሥርዓት እዚያ ሲሚንቶ ላይ መከበሩ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። አልሆነልኝም። ወድቆ በቀረው ሚግ ክንፍ ላይም በርበሬ ታሰጫለሽ አሉ። በየነ ያንን ክንፍ ሲወለውል ውሎ ሲመጣ የእጁን ዘይት ሳሙና አያስለቅቀውም ነበር። በርበሬው ዘይት ዘይት አይልም? ጤፉስ አሸዋ አይገባበትም? ነዶውን ከመዘርጋትሽ በፊት በደንብ አስጠርጊው።

«እትዬ፣ አንቺ በመስኮት ያየሽውን እኔ በበሬ አስረግጠዋለሁ» ያልሽው ለቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እስካሁን አልዋጥ ብሎኛል።

እዚህም ከከተማው ዳር አንድ የተዘጋ አየር ማረፊያ አለ። ቢሮና መኖሪያ ሠርተውበታል፤ ሰው ውሻውን ያንሸራሽርበታል። ባለፈው እሑድ ልጄ ፍሬ ወሰደችኝና ረገጥኩት። ምንም አልመሰለኝም። «እማ፣ ይኸው ረገጥሽ አይደል? ፌርዲግ!» አለችኝ፤ አለቀ ማለቷ ነው። አላለቀም። ይሄ የሌላ ሰው ነው።

ከዘንድሮው መኸር በኋላ ወረዳው ሲሚንቶውን አስፈልጦ ለመንገድ ጠጠር ሊያደርገው መሆኑን ከደብዳቤሽ ጥግ ላይ ሸጉጠሽዋል። እንዲህ ያለ ነገር ጥግ ላይ አይጻፍም። የመጨረሻው ከሆነ ያለ እኔ እንዳትጀምሩ። ናፍቆት ገደላት ብለሽ ደግሞ እንዳታስወሪ፤ ቅናት ነው።

ሐብታሙን ወገብህን አታጉብጥ ብላለች በይልኝ። ትንሿን እታለምን ሳሚልኝ፤ አቤሴሎምን ደግሞ ፊደል እንደምጠይቀው ንገሪው። ይመርንም ሰላም በይልኝ፤ ፊሽካው ካለ ይዞ ይጠብቀኝ።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ ለሐኪሜ ደውዬ ስለ ጉልበቴ ቀጠሮ እይዛለሁ። ቀጥዬ በባቡር ከተማ ወርጄ የአውሮፕላን ትኬት እቆርጣለሁ፤ ለፍሬ የምነግራት ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ስመለስ ጫማ ቤት ገብቼ ሳይጎነበሱ የሚያወልቁት ጫማ እገዛለሁ።

እህትሽ ጤናዬ
አመሩድ፣ ኦስሎ
መስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም.