የቬይኮ ኪኒንና ወተት

ቬይኮ፣

አውቶብሱ ሊያመልጠኝ ስለሆነ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ማቀዝቀዣው ውስጥ ወተት አትፈልግ፤ ለጎረቤታችን ለሬታ ሰጥቻታለሁ። ዛሬም ኪኒንህን በወተት ስታወራርድ አይቼሃለሁ። ፋርማሲስቷ «ከወተት ጋር ከዋጥከው በደንብ ደምህ ውስጥ አይገባም» ስትልህ አጠገብህ ነበርኩ እኮ! አንተ ግን ያለ ወተት ምሳም እራትም አይሆንልህም። ከዚያ ሳውና ውስጥ ለሰው ሁሉ «መድኃኒቱ አይረባም» ትላለህ። ኧረ አንተ ሰውዬ!

መዥገሯ የነከሰችህ ቦታ ላይ ያለው ቀይ ክብ እየሰፋ ነው። ከጉልበትህ ጀርባ ስለሆነ አንተ አታየውም።
የማየው እኔ ነኝ።

በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ዋጠው። ወዲያው እንዳትጋደም፣ ጉሮሮህን ያቃጥልሃል። ካቅለሸለሸህ ዳቦ ብላበት። ሐይቁ ዳር ራቁትህን ፀሐይ መሞቅም ይቅርብህ፤ ይሄን መድኃኒት እየወሰድክ ፀሐይ ቆዳህን ይልጠዋል። ተሻለኝ ብለህም እንዳታቋርጠው።

ጠዋት ስለጮህኩብህ...
ተወው።

ቅዳሜ የበጋው ዳንስ ነው። ሐኪሙ እንደፈራው የመዥገሯ በሽታ ጉልበትህ ውስጥ ገብቶ ካበጠ፣ ታንጎውን ቁጭ ብዬ ነው የማሳልፈው። ከሌላ ሰው ጋር እንደማልደንስ ታውቃለህ።

አውኔ