የአባቴ ጠመንጃ ቀለሃዎች

ኦክቶበር 4

ዝናብ። ላሞቹን አየሁ፤ ደህና ናቸው። የአባቴን ጠመንጃ ቀለሃዎች ከቆርቆሮው አወጣሁ። ጠቁረዋል። የአደን ወቅት ሳይከፈት ታጥበው ባሩድና አረር መሞላት አለባቸው። ይህ ዓይነት ቀለሃ ዛሬ አይሸጥም። ቦዝማን ከተማ ድረስ ሄጄ ስጠይቅ ሻጩ «ሙዚየም ሞክር» አለኝ። ባለጌ!

ሚስቴ አርዲስ የራሷን ቀለሃዎች በማሽን ነው የምታጸዳው፤ የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ውስጥ ጨምራ። ቀኑን ሙሉ ያጓራል።

«ጠጠር እየፈጨሽ ነው እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ?»

«አንተ ደግሞ ሰላጣ ልትሠራ ነው?» አለች፣ የያዝኩትን ጠርሙስ አይታ።

ኮምጣጤ፣ ጨው፣ ሙቅ ውሃ። ሩብ ሰዓት ብቻ፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ። ማንም አላስተማረኝም።

ኦክቶበር 9

ቀለሃዎቹን ኮምጣጤ ውስጥ ነከርኩ። ወዲያው ጎረቤቴ ቨርን መጣ። አጥሩን ያፈረሰው የኔ ወይፈን ነው ይላል። የኔ ወይፈን? ቨርንን አጥሩ ድረስ ይዤው ሄድኩ፤ አሳየሁት። ሽቦው የተጣመመው ከሱ በኩል ነው። እስኪመሽ ተከራከርን። አላመነም… ግን ተነስቶ ሄደ። እራት በልቼ ልተኛ ነው። ጥሩ ቀን።

ኦክቶበር 10

ረሳኋቸው። ሌሊቱን ሙሉ ኮምጣጤ ውስጥ አደሩ።

እንደ ሕፃን ተረከዝ ሮዝ ሆነዋል። ሁሉም። አርዲስ አይታ ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች።

«ለማን ሠርግ ነው?»

ከዚያ አንዱን አንስታ ወደ መስኮቱ ወሰደች። ሳቋ ቆመ።

«ኮምጣጤው ከናሱ ውስጥ ዚንኩን በልቶታል። የቀረው መዳቡ ነው። በዚህ ልትተኩስ አይደለም፣ አይደል?»

«መልኩ ነው እንጂ ጥንካሬው ያው ነው» አልኳት።

ያው ነው?

ኦክቶበር 12

በድስት መፈተጊያ ሽቦ ፈተግኳቸው። ትንሽ ወደ ቢጫ ተመለሱ። ለቨርን አሳየሁት።

«ያምራል» አለ። «ዘንድሮ ሲፈነዳብህ በቀሪው አንድ ዓይንህ ነው የምታድነው?»

«አንተ በሁለቱም ስተህ የለም እንዴ!»

አርዲስ አልሳቀችም። ሃምሳ ዓመት ስትናገር ኖራ ዛሬ ዝም… ይሄ ነው ያስቸገረኝ። አባቴ የመጀመሪያ አጋዘኑን የጣለው በዚህ ጠመንጃ ነው። እኔም። ቀለሃ ከሌለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብረት ነው።

ኦክቶበር 15

አርዲስ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ጋራዥ ገባሁ። አንዱን ቀለሃ በፒንሳ አፉን ጨመቅኩት። ደህና ቀለሃ ቢሆን ይጎብጥ ነበር። ይሄኛው እንደ ደረቅ ብስኩት ተሰነጠቀ። ዕድሉ መጥፎ ነው ብዬ ሌላ አነሳሁ። እሱም። ሦስተኛውም።

ቁጭ አልኩ።

ያ ነገር የሚፈነዳው ጉንጬ ሥር ነው። ጫካ ውስጥ ደግሞ አርዲስ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው አድብታ የምትተኛው፤ ክርኗ ክርኔን እየነካ…

መዶሻ አነሳሁ። አንድ በአንድ ጠፈጠፍኳቸው። ነገ ሐሳቤን እንዳልቀይር። ራሴን አውቀዋለሁ።

እራት ላይ «ጨረስኩ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ቀለሃዎቹን። ጠፍጥፌ ጣልኳቸው።»

አላሾፈችም። ትልቁን ሥጋ አነሳችና ሳህኔ ላይ አደረገችው።

ኦክቶበር 21

ወቅቱ ተከፈተ። ያለ ጠመንጃ ወጣሁ። ቨርን ከመኪናው ሆኖ «ዘንድሮ በቁጣ ነው የምትገድላቸው?» ብሎ ጮኸ። (የሚሆን መልስ የመጣልኝ ማታ ነው። ነገ እነግረዋለሁ።)

አርዲስ ጥዶቹ ጠርዝ ላይ ትልቅ አጋዘን ጣለች። በአንድ ጥይት። ጥሩ አተኳኮስ ነበር። አልነገርኳትም… ነገርኳት።

ቆዳውን ገፍፈን ቆራረጥን። የኋላ እግሩን ተሸከምኩ፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በረዶው ላይ ዱካዋን እየረገጥኩ። መንገዱ የሚከፈልበት፣ ሁልጊዜ የምንጨቃጨቅበት ቦታ ስንደርስ አርዲስ ጠየቀች፦

«ሽማግሌው፣ በወንዙ ነው በዳገቱ?»

«አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት።

ቆመች። ጓንቷን አወለቀች፤ ዞር ብላ እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች።

«ትኩሳት እንኳ የለህም» አለች።

በወንዙ ሄድን።