ሴት አስጠኚ እፈልጋለሁ በያቸው

ኔያፉ፣ ቫቫኡ፣ ቶንጋ
ኦገስት 14

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለሉሴአኔ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ብሪስቤን አሁንም ብርድ ነው ብለሽ ለእማማ ነግረሻታል፤ ሹራቡን ልበሺ። እማማ ደህና ናት፤ ከቀብሩ ወዲህ ደህና አድርጋ እህል የቀመሰችው በዚህ ሳምንት ነው። እኔም እንደ ደንባችን ከቅጠል የተሠራውን የሐዘን ምንጣፌን ወገቤ ላይ አስሬ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ስቀመጥ ይወጋኛል፤ ግን ለአባባ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ወንድም እህቱን መቆጣቱ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ደግነቱ ይህ ደብዳቤ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ አልተቀመጥንም።

እሁድ ዕለት አክስታችን ሴላይ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥታ፣ ሉሴአኔ የነርስነቱን ትምህርት ትታ ልትመለስ ነው አለችን። አንድ ትምህርት ወድቃለች፣ የሚረዳትም የለም፣ አባቷም ሞቶ ቤቱ ሰው ይፈልጋል፤ ራሷ ናት ደውላ የነገረችኝ አለች። እማማ አንገቷን ደፋች። የአባት እህት ከተናገረች ማን ይመልሳል?

የሚረዳትም የለም? ኮሌጁ በነጻ እንደሚያስጠና የነገርሽን አንቺ አይደለሽም? ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ከፍ ያሉት ተማሪዎች አዲሶቹን ያለ ክፍያ ያስጠናሉ፣ መመዝገብ ብቻ ነው ስትዪ፣ አባባ ስልኩን ከእማማ እጅ ነጥቆ ደግመሽ እንድትነግሪው አላደረገም? ታዲያ ምን ተፈጠረ ብዬ ለአጎታችን ልጅ ለፌሌቲ ደወልኩ። እዚያው ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ስለሆነ ሳያውቅ አይቀርም ብዬ ነው። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ፣ "አንተ ልጅ፣ ለማንም እንዳታወራ። አስጠኚዋ አድርገው የመደቡት እኮ እኔን ነው" አለኝ።

ሁለታችሁም ቶንጋውያን ናችሁ፣ በቋንቋችሁ ትግባባላችሁ ብለው ነው አሉ። አንቺንና እሱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ሰዎቹ ልብስ ያልለበሱበትን ምዕራፍ በመካከላችሁ ሊዘረጉ! ከዚህ በላይ ስለ ምዕራፉ አልጽፍልሽም። በእኛ ዘንድ የአጎት ልጅ ወንድም መሆኑን ማን ይንገራቸው? ቴሌቪዥን ላይ ሰው ሲሳሳም አባባ እኔን ወደ ውጭ የሚያስወጣኝ፣ አንቺ አጠገብ ተቀምጬ እንዳላይ እኮ ነበር።

ፌሌቲ በር ላይ ሲያይሽ መጸዳጃ ቤት ገብቶ እስክትሄጂ ተደበቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አንቺ ደረጃው ላይ አይተሽው ተመለስሽ። ከዚያ ሁለታችሁም ቀራችሁ። ቢሮው ተማሪዋ በተደጋጋሚ ቀርታለች ብሎ ስምሽን ሰረዘ። ከዚያ ሁሉ ሰው ለምን ቀረች ብሎ የጠየቀ አንድ የለም። ለምን አልነገርካቸውም ብዬ ፌሌቲ ላይ ስጮህበት፣ "ምን ብዬ? ስሟንና ያንን ምዕራፍ አንድ ላይ በአፌ ልጥራ?" አለኝ። ተናደድኩበት፤ ግን እኔም ብሆን አልጠራውም ነበር።

ባንቺ የተናደድኩት በዚህ አይደለም። በአባባ ሞት አሳበብሽ። አባባ እኮ በሽታው ጠንቶበት እንኳ፣ "እንዳትጠሯት፣ ፈተና ላይ ናት" ያለ ሰው ነው። እሱ የፈለገሽ እዚያ ነው። የእሱን ሞት መጸዳጃ ቤት ለተደበቀ ሰው መሸፈኛ አታድርጊው።

የባዮሎጂ መምህራችንን ወይዘሮ ሲኒቫን ለመንኳት፤ ከትምህርት ቤቱ ስልክ ቢሮው ጋ ደወለች። የቢሮዋ ሴትዮ፣ ወንድሟ ከሆነማ ይበልጥ ይረዳታል እኮ ስትላት፣ ወይዘሮ ሲኒቫ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ እኔን አየችኝ። ከዚያ ትምህርት ያልገባው ተማሪ እንደምታስረዳ፣ ቀስ ብላ ከመጀመሪያው ጀመረችላት። በመጨረሻ ሴት አስጠኚ እንዳለች፣ ሐሙስ ሐሙስ ቦታም እንዳላት አመኑ። ግን ተማሪዋ ራሷ መጥታ ትጠይቅ፣ በሌላ ሰው አፍ አንመዘግብም አሉ።

ስለዚህ ሐሙስ ሂጂ። ሴት አስጠኚ እፈልጋለሁ በያቸው። ለምን ካሉሽ፣ እፈልጋለሁ ብለሽ ድገሚላቸው። ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለብሽም። ስትወጪ ለአክስታችን ደውለሽ እቀጥላለሁ በያት። እኔ እሷ ፊት አፌን አልከፍትም፤ እማማም አትደፍርም። እሷ የምትሰማው አንቺን ብቻ ነው።

እማማ ትስምሻለች። ፊት ለፊትሽ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ቅን ይሁንልሽ፣ የተማርሽው ከልብሽ አይውጣ ብላ መርቃሻለች።

የአባባን መቃብር ጠይቀሽ ነበር። ነጩ አሸዋ እንደ ደንቡ ላዩ ላይ ፈስሷል። ጥቁሩን ጠጠር ከባሕር ዳር ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ ግማሹን ደርድሬዋለሁ። የቀረውን ያልጨረስኩት ዝናብ ስለሆነ ነው። አንቺ ለዚህ ብለሽ ለመምጣት አትቸኩዪ። እዚህ ዝናቡ እስክትመረቂ ድረስ የሚያባራ አይመስለኝም።

አክባሪሽ ወንድምሽ
ኢሲሌሊ